በሃያ አንድ የማትሠራ መኪና

«ደመላሽ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው?» አለች ሰገነት ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች። «እሱ መንጃ ፈቃዱን ቢነጠቅ ከድህነት ወደ ድህነት ነው። እኛ ግን ስም አለን።»

ይህን ያለችው በባሏ እኅት ቤት፣ የባሏን እኅት ዳቦ እየበላች ነው። የቤቱ ባለቤት ይመኙሻል ሰምታለች። የስድሳ ሁለት ዓመት ጡረተኛ መምህርት ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ዝም ስታሰኝ ኖራ፣ አሁን በገዛ ቤቷ ዝም የምትለው እሷ ሆናለች። ታናሽ ወንድሟ አንዷለምና ሚስቱ ሰገነት በግቢዋ ያለውን የኋላ ቤት ያለ ኪራይ ከያዙ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቁርስ ግን ሁልጊዜ የሚበሉት ከፊተኛው ቤት ነው። ሳሎኗ ጠባብ ሆኖ በዕቃ የታጨቀ ነው፤ ዳንቴል የለበሰ ሶፋ፣ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ የሟች ባሏ ፎቶግራፍ፣ ከሱ ከፍ ብሎ በትንንሽ አምፖሎች የተከበበ የእመቤታችን ሥዕል። ከሥዕሉ ሥር አንድ ምስማር ተመቷል፤ የሚኒባሷ ቁልፍ ማረፊያው እሱ ነው። ዛሬ ቁልፉ ሹፌሩ ደመላሽ ዘንድ ነው። ደመላሽ ደጅ ላይ መኪናዋን እየወለወለ፣ ውስጥ ስለሱ የሚቆረጠውን ይጠብቃል።

ጠረጴዛው ላይ፣ በስኳር ዕቃውና በቴርሞሱ መካከል፣ ከትራፊክ ጽሕፈት ቤት የመጣው ወረቀት ተዘርግቷል። ይመኙሻል በቃሏ ይዛዋለች። ጥር ሃያ አንድ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰሌዳ ቁጥሯ የተጠቀሰው ሚኒባስ ዘጠኝ ትርፍ ሰው ጭና ጉንደ ወይን መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ቁም ሲል ሳትቆም አልፋለች። የመኪናዋ ባለንብረት ወይዘሮ ይመኙሻል በዕለቱ ማን ይነዳ እንደነበር በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ ባያስታውቁ ጥፋቱ የራሳቸው ይሆናል። ዘጠኙ ቀን በምክክር አልቋል። ዛሬ ሐሙስ፣ የካቲት ገብቶ፣ አሥረኛው ነው። ሊብሬው በሷ ስም ስለሆነ ሌላው ሁሉ ሲናገር ይሰነብትና ፊርማው የሷ ነው።

እንግዲህ ይህች መኪና እንደሌላው መኪና አይደለችም። ከሦስት ዓመት በፊት ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርድ ፍሬኗ እምቢ አለ። ደመላሽ ማርሽ እየቀነሰ፣ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ አዙሮ፣ ጎኗን ከድንጋዩ ጋር እያፋጨ አቆማት። አሥራ ሁለት ሰው ተረፈ፤ የደመላሽ ክንድ ተሰበረ። በሚቀጥለው እሑድ አንዷለም ከቅዳሴ በኋላ ማይክሮፎን ጨብጦ ተአምሩን ለምእመናን ተናገረ። ስለ ገደሉ ጥልቀት ተናገረ፣ ስለ እመቤታችን ምልጃ ተናገረ፣ እሱ ራሱ በዚያች ሰዓት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ልቡ እንዴት እንደፈራ ተናገረ። ከዚያም መኪናዋ ከእንግዲህ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ጎማዋ እንደማይንቀሳቀስ ስእለቱን አስታወቀ። ሴቱ እልል አለ። የደመላሽ ስም አልተነሣም። እሱም ከወንዶቹ ወገን ቆሞ፣ አንድ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ ስለነበር ማጨብጨብ አቅቶት አንገቱን ሲነቀንቅ ነበር።

ስእለቱ አንዷለምን ጠቀመው። ቀድሞ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ተራ ነጋዴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰበካ ጉባኤ ተመረጠ፣ ሰርግ ላይ ከፊት ወንበር ይሳብለታል፣ ሽማግሌ ሲላክ እሱ አይቀርም። ገንዘብ ያበደረው ሰው እንኳ ሲጠይቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መኪናዋ የእኅቱ መሆኗን የሚያስታውስ የለም። ደመላሽ በየወሩ በሃያ ማታ ቁልፉን አምጥቶ ለይመኙሻል ያስረክባል፤ ምስማሩ ላይ ይሰቀላል፤ በሃያ ሁለት ንጋት ይወስዳል። የዚያች የአንድ ቀን ደመወዙ ይቆረጣል፣ ሥራ የለማ። ማርያምን የሚያከብሯት በደመላሽ ኪስ ነበር። ይመኙሻል ይህን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ታውቃለች፤ አንድ ቀን እናገራለሁ እያለች ሦስት ዓመት አለፈ።

ጥር ሃያ አንድ ደግሞ የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነው፤ አገር ምድሩ ወደ መርጡለ ማርያም ይጎርፋል። ሌላ ቀን ሁለት መቶ ብር የሚከፈልበት መንገድ በዚያን ሰሞን አራት መቶ ሃምሳ ይጠየቅበታል፤ ያውም የሚሳፈርበት ከተገኘ። በዋዜማው ማታ አንዷለም መጥቶ «እትዬ፣ ነገ ቆማ ከምትውል ላሳጥባት» አለ። ይመኙሻል ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ ቁልፉን ከምስማሩ አውርዳ ሰጠችው። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነበር፤ መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ አለ። አየችው፤ ገባች፤ በሯን ዘጋች። ማታ አንዷለም አቧራ ለብሶ፣ ባለ ሁለት ሊትር ጠበል ይዞ ገባ። «ከመርጡለ ማርያም ነው፣ ላንቺ ብዬ ነው» አላት። በምን ሄድክ አላለችውም። ጠበሉን ግን ተቀብላ ጠጣች። በማግሥቱም ጠጣች። እስኪያልቅ ጠጣችው።

አንዷለም የራሱን ስም መስጠት ያልፈለገበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ መንጃ ፈቃዱ አውቶሞቢል እንጂ ሕዝብ መጫን አይፈቅድለትም። ሁለተኛው ስእለቱ ነው፤ ለሱ ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስለዚህ መልሱን ራሱ ጻፈው። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ስለተማረ እጅ ጽሑፉ ያማረ ነው፤ ቃሉም አያልቅበትም። ትናንት ሱቁን ዘግቶ ሲጽፍ ዋለና ሁለት ገጽ ሙሉ ይዞ መጣ። በስመ አብ ብሎ ይጀምርና ስለ ገደሉ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ስእለቱ፣ መኪናዋ ለሦስት ዓመታት በማርያም ዕለት ቆማ ስለመዋሏ ያትታል። መጨረሻው ላይ በሦስት መስመር ሹፌሩ ደመላሽ መንዳቱን ይናገራል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ያበቃል። ከሥሩ ደግሞ «ግልባጭ፦ ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ» የሚል አለ። ግልባጩን ዛሬ ማለዳ፣ ገና ቁርስ ሳይበላ፣ ሊቀ መንበሩ ቤት አድርሶት መጥቷል። የትራፊክ ቅጣት ግልባጭ ለቤተ ክርስቲያን የሚልክ ሰው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሱ ሌላ ይኖር እንደሆነ እንጃ።

«ደመላሽ ይህን አንብቦታል?» አለች ይመኙሻል።

«ነግሬዋለሁ። እሺ ብሏል። በታገደበት ጊዜ ግማሽ ደመወዙን እንሰጠዋለን። እሱንም እንኳ በዝቶልኛል ብሎ ነው እሺ ያለው።»

ሰገነት ተጨማሪ ሻይ ቀዳች። ይመኙሻል ሌላ የሚጠየቅ ነገር ፈለገች፤ ጠፍቷት ሳይሆን የሚከተለውን መልስ ፈርታ ተወችው። ነጠላዋን ለበሰች፣ ሊብሬውን ከሣጥን አወጣች፣ ወጡ።

ደመላሽ በሩን ከፍቶ ጋቢና አስገባት። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ አገጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ዝምተኛ ሰው ነው። አንዷለም ከኋላ ብቻውን ተቀመጠ፤ ነጭ ነጠላውን በትከሻው መስቀለኛ አጣፍቶ ለሚያልፍ ለሚያገድመው በመስኮቱ እጅ ይነሣል። መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲደርሱ አስቆመና ደብዳቤውን ለማባዛት ወረደ፤ አንድ ቅጂ ለራሱ ማስቀመጥ ፈልጎ ነው። ገጹ አምስት ብር ነበር፤ ሁለት ገጽ ስለሆነ በስምንት ይሁን ብሎ ሲከራከር ቆየ። ደመላሽ እጆቹን መሪው ላይ እንዳደረገ ወደፊት እያየ ተናገረ።

«እትዬ፣ ጋሼ አንዷለም ስድስት ወር ነው ብለውኛል። ከስድስት ወር አይበልጥም አይደል?»

«አይበልጥም» አለች። ከየት አምጥታ እንዳለችው አታውቅም።

«እሱን እንኳ እንችለዋለን። ሚስቴ እንጀራ ጀምራለች ለሆቴል። ልጁም ጡት ላይ ነው፣ ገና ብዙ አይበላም። ብቻ ከዚያ ካለፈ ሌላ ቀጣሪ አያምነኝም። ሹፌር ማለት ወረቀቱ ነው።»

ይመኙሻል አንገቷን ነቀነቀች። ይህ ሰው በዓባይ ቁልቁለት ላይ አሥራ ሁለት ነፍስ ያተረፈ ነው፤ አሁን ደግሞ እኛን አትርፍ እያልነው ነው፣ ብላ አሰበች። እፍረት ተሰማት፣ እፍረቱም ከመናገር አላደረሳትም። አንዷለም ሁለት ብር አስቀንሶ ደስ ብሎት ተመለሰ።

ቢሮው በትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ መጨረሻ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ከግድግዳው ጥግ የተፈቱ ታርጋዎች በሽቦ ታስረው ተከምረዋል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ዓይናዲስ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት፤ የክስ መልስ የምትቀበለው እሷ ናት። ደመላሽ ከመኪናው ጋር ደጅ ቀረ። አንዷለም ደብዳቤውን በሁለት እጁ አቀረበና ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ የሚነበብለትን ምስጋና ለመስማት ያህል ተቀመጠ። ዓይናዲስ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች፣ ገለበጠች፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን አየች። የምትፈልገው አንድ ስም ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ግን ስም ፍለጋ ገደል ለገደል መውረድ ያስፈልጋል። በመጨረሻ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ "ስእለታችንን ጥሶ፣ ከባለንብረቷ ፈቃድና ዕውቀት ውጭ ቁልፉን ወስዶ" ይላል።»

«አዎን» አለ አንዷለም። «ይቅር ብለነዋል ግን። ክርስቲያኖች ነን።»

«ይቅርታው የናንተ ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መኪና መውሰድ ግን ትራፊክ አይደለም፣ ስርቆት ነው። እኔ ለወንጀል ምርመራ መምራት አለብኝ። ሹፌሩ አብሯችሁ መጥቷል?»

ያን ጊዜ ነው ይመኙሻል ወንድሟን በደንብ ያየችው። ወንበሩ ጠርዝ ላይ መጣ። ያቺ መስመር ለምን እንደተጻፈች አሁን ገባት፤ «ደመላሽ ነዳ» ብሎ ቢጽፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ደመላሽ በሃያ አንድ ነዳ ከተባለ ሰው «ታዲያ ስእለቱስ?» ይላል። ስለዚህ ስእለቱ እንዳይነካ ሹፌሩ ሌባ ሆነ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው። አንዷለም ጉሮሮውን ጠረገና ያቺን መስመር መሰረዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

«ይቻላል» አለች ዓይናዲስ እስክሪብቶዋን እያቀበለችው። «ከተሰረዘ ግን እናንተ ፈቅዳችሁለት ነው የነዳው ማለት ነው። እሱን ጻፉና ይፈረም።»

አንዷለም እስክሪብቶውን ተቀበለ። መስመሩ ላይ አስጠጋው። ይመኙሻል ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ሲወርድ አየች፤ ግልባጭ ወደሚለው። ሊቀ መንበሩ አሁን መነጽሩን አድርጎ እያነበበው ይሆናል። እዚህ ቢሰርዝ እዚያ አይሰረዝም። እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«እንግዲህ…» አለ። «እንግዲህ የወሰደው እሱ ነው። እኛ ምን እናድርግ። ሕግ ያለውን ያድርግ።»

ይመኙሻል የወንድሟን ነጭ ነጠላ ጥለት ተመለከተች። ይህ ልጅ ሲወለድ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ጠላችው። ከሱ ይልቅ ደግሞ ጠበሉን የጠጣችውን ሴት ጠላች። ዓይናዲስ ወደሷ ዞረች።

«እማማ፣ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። ቁልፉ በዚያን ቀን የት ነበር?»

«ግድግዳዬ ላይ» አለች ይመኙሻል። «ሹፌሩ በሃያ ማታ አስረክቦኝ ቤቱ ገባ። በዚያው ማታ ለዚህ ለወንድሜ ያወረድኩለት እኔ ነኝ። መርጡለ ማርያም ሰው ጭኖ የሄደው እሱ ነው። ጠበልም አምጥቶልኝ ጠጥቻለሁ።»

«እትዬ ስኳር አለባት» አለ አንዷለም ፈጥኖ ለሠራተኛዋ፣ ድምፁን አለስልሶ። «ቁርስም በቅጡ አልበላች። አንዳንዴ ይምታታባታል።»

«ስኳሬን ተወው። መንጃ ፈቃድህን አሳያት።»

ለማውጣት ብዙ ኪስ ፈተሸ። ዓይናዲስ ካርዱን ገልብጣ አየችና ሌላ ቅጽ ከመሳቢያ ሳበች። የጎን መስመር አሰመረች፣ ጻፈች፣ አሁንም ጻፈች። ትርፍ መጫኑና ትእዛዝ አለማክበሩ በአንዷለም ላይ ይሆናል፤ ለጉንደ ወይን ትራፊክም ይጻፋል። ባለንብረቷ ደግሞ ደረጃው ለማይፈቅድለት ሰው መኪና ሰጥተዋልና በራሳቸው ስም ይከሰሳሉ፤ ቅጣት ይከፍላሉ፣ መኪናዋም ሁለት ወር ትቆማለች፣ ታርጋዋ ዛሬውኑ ይፈታል። ይመኙሻል ሁለት ወር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። የጡረታዋ ብር ከወሩ አጋማሽ አያልፍም፤ ደመላሽም መንጃ ፈቃዱ ቢተርፍ ሁለት ወር ሥራ ፈት ይሆናል። ሁሉንም አሰበችው። ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ድሮ የተማሪ ደብተር እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች። በዚህ ጉዳይ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ስሕተት ያላገኘችበት እሱ ብቻ ነው። ፈረመችበት።

ሲወጡ ደመላሽ ከመኪናዋ ጥላ ተነሣ። ነገረችው፤ ሁለት ወር እንደምትቆም፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንደተጻፈ፣ ከስድስት ወር አይበልጥም ያለችው ሳታውቅ እንደነበረ። ይቅርታ አድርግልኝ አለችው። እሱ ሌላውን ሁሉ ትቶ አንዱን ብቻ ጠየቀ።

«የኔ መንጃ ፈቃድስ?»

«ያንተ ኪስህ ውስጥ ነው፣ ማንም አይነካውም።»

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ነካው። ከዚያ ዓይናዲስ ታርጋውን ለመቀበል በረንዳው ላይ ቆማ እንደምትጠብቅ ሲያይ፣ ልማድ ነውና፣ ከወንበሩ ሥር ካቻቢቴ አውጥቶ ከመኪናዋ ኋላ ተንበረከከ። አንዷለም ጥቂት ራቅ ብሎ ስልክ ይዞ ይንጎራደዳል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ደውሎለት ነው፤ ጆሮው ስለከበደ ሲናገር ይጮኻል፣ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ግቢው ውስጥ ይሰማል። «ግልባጩን አነበብኩት፣ በጣም አዘንኩ!» ይላል። አንዷለምም «ምን ይደረግ አባቴ፣ ሹፌሩ ነው ጉድ የሠራን፣ አምነነው ነበር» እያለ ይመልሳል። ደመላሽ ሰምቷል። ካቻቢቴው ለአፍታ ቆመና እንደገና መዞር ጀመረ። ይመኙሻል ወደ ወንድሟ ሄደች።

«ደመላሽ፣ ተነሥ» አለች። «ካቻቢቴውን ለሱ ስጠው። የነዳው ይፍታው።»

አንዷለም ስልኩን በመዳፉ ለመሸፈን ሞከረ። ከበሩ ማዶ መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል፤ ሁለት የሚያውቁት ነጋዴዎች ቆመው ባርኔጣቸውን አነሡለት።

«እትዬ፣ ሰው ያያል።»

«ይይ። ፍታው።»

«ሃሎ?» አለ ሊቀ መንበሩ ከመዳፉ ውስጥ። «ማን ነው የነዳው? አንዷለም? ማን ነው የነዳው?»

ደመላሽ ተነሥቶ ካቻቢቴውን በእጀታው በኩል አዙሮ፣ ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ ዘረጋለት። ዓይናዲስ በረንዳው ላይ ሰዓቷን አየች። አንዷለም ስልኩን ዘጋው፣ ወዲያው እንደገና ጠራ፣ እሱንም ዘጋው። ነጠላውን ሰብስቦ ብብቱ ሥር ወሸቀና ከመኪናዋ ኋላ አፈሩ ላይ ተንበረከከ። የላይኛው ብሎን ዝጎ ስለነበር እምቢ አለው፤ ደመላሽም አላገዘውም።